በቤት የሚሠራ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፦ መለኪያው ሲሳሳት የፓምፑ ዕጣ

መግቢያ

በአዲስ አበባ በብዙ ግቢዎች ውስጥ ሁለት የውኃ ማጠራቀሚያዎች ይገኛሉ። አንደኛው መሬት ላይ ተቀምጦ የከተማው ውኃ በፈረቃ ሲመጣ የሚሞላ ነው፤ ሁለተኛው በጣሪያ ወይም በብረት ማማ ላይ የተሰቀለ፣ በተለምዶ ሮቶ የሚባለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ነው። በሁለቱ መካከል አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለ። ፓምፑን የሚያበራውና የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው፤ ከላይ ሞልቶ የሚፈሰው ውኃ ድምፅ ሲሰማ ከቤተሰቡ አንዱ ሮጦ ማብሪያውን ይዘጋል። ይህን ሥራ ለማይክሮ ኮንትሮለር መስጠት በትርፍ ጊዜያቸው ኤሌክትሮኒክስ ለሚሞክሩ ሰዎችም ሆነ ለምህንድስና ተማሪዎች እጅግ ተስማሚ መነሻ ነው። መለኪያው ርካሽ ነው፤ ኮዱ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ ውጤቱም በዚያው ዕለት በዓይን ይታያል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ሙከራ የሚያሳየው መሣሪያው ሁሉም ነገር ደኅና በሆነበት ሰዓት የሚያደርገውን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ግን መሣሪያው ለዓመታት፣ ሠሪው በሌለበት፣ መብራት እየሄደና እየመጣ፣ ሽቦ እየላላ፣ በክዳኑ ሥር ጤዛ እየተጠራቀመ ይሠራል። እንዲህ ባለው ሥራ ውስጥ ከባዱ የንድፍ ጥያቄ ውኃው እንዴት ይለካል የሚለው አይደለም፤ መለኪያው የሐሰት ቁጥር በሚሰጥበት ሰዓት ፓምፑ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ በአንድ ቀላል መሣሪያ ላይ ይመረምራል።

የመሣሪያው አካላት

ለማብራሪያ የተመረጠው አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ቦርድ ነው። አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ጣሊያን በኢቭሪያ ከተማ በነበረ የዲዛይን ተቋም ውስጥ፣ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት የሌላቸው ተማሪዎች በቀላሉ እንዲሞክሩ ታስቦ የተጀመረ ነው። ስሙም የተወሰደው መሥራቾቹ ይሰበሰቡበት ከነበረና በቀድሞው ንጉሥ በአርዱዊኖ ስም ከተጠራ የከተማዋ መጠጥ ቤት ነው። ይህ ታሪክ ለጨዋታ ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ ቦርዱ ለመማሪያና ለሙከራ የተሠራ መሆኑን፣ የ220 ቮልት ሞተር ብቸኛ ጠባቂ እንዲሆን ያልታሰበ መሆኑን ያስታውሳል። በቦርዱ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ ባለ8 ቢት ማይክሮ ኮንትሮለር ሲሆን 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ማኅደር፣ 2 ኪሎባይት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ እንዲሁም መብራት ቢጠፋም የማይሰረዝ 1 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ (ኢኢፕሮም) አለው። የሥራ ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርዝ ነው። ለዚህ ተግባር ከበቂ በላይ ነው።

ማይክሮ ኮንትሮለሩ በሁለቱ ማጠራቀሚያዎች ክዳን ላይ ከተገጠሙ ሁለት የርቀት ዳሳሾች (ሴንሰሮች)፣ ፓምፑን ከሚያበራ ሪሌ፣ ሁኔታውን ለቤተሰቡ ከሚያሳዩ ትንንሽ መብራቶችና ከአንድ የእጅ ቁልፍ ጋር ይገናኛል። የአሠራሩ ሕግ አጭር ነው፦ የላይኛው ማጠራቀሚያ ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ፣ በታችኛው ውኃ ካለ፣ ፓምፑ ይነሣል፤ የላይኛው 90 በመቶ ሲደርስ ይቆማል። በማስነሻውና በማቆሚያው መካከል ሰፊ ክፍተት የተተወው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም 90 በመቶ ላይ ቢሆኑ ኖሮ የውኃው ገጽ በተነቃነቀ ቁጥር ሞተሩ ይነሣና ይቆም ነበር።

ርቀትን በድምፅ መለካት

ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው ዳሳሽ የሰው ጆሮ የማይሰማው የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይልካል። ድምፁ የውኃውን ገጽ ነክቶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ በአንድ የኤሌክትሪክ ምት ርዝመት ይገልጻል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝና መንገዱ ደርሶ መልስ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ርቀት 58 ማይክሮ ሰከንድ ያስፈልጋል። በብዙ ኮዶች ውስጥ ያለ ማብራሪያ የሚገኘው 58 የሚለው ቁጥር ምንጩ ይህ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ይህ ቁጥር መስተካከል አለበት ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አያስፈልገውም። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ እፍጋቱም አብሮ ስለሚቀንስ የሁለቱ ውጤት ይጣፋል፤ የድምፁን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ ከ10 ወደ 30 ዲግሪ ሲወጣ ፍጥነቱ ከ337 ወደ 349 ሜትር በሰከንድ ገደማ ያድጋል። ለውጡ 3.5 በመቶ ያህል ነው። ዳሳሹ 1.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለን ውኃ ሲለካ ይህ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል፤ ፀሐይ የሚመታው ጥቁር ማጠራቀሚያ በንጋትና በቀትር መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይሆንም። ሆኖም ስሕተቱ ከርቀቱ ጋር የሚያድግ ስለሆነ ጎልቶ የሚታየው ማጠራቀሚያው ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ነው። ጥንቃቄ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ይኸውም ውኃው ሊሞላ ሲል፣ ርቀቱ አጭር ስለሚሆን ስሕተቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ጨምሮ ስሌቱን ማረም ለመማር ጥሩ ልምምድ ቢሆንም ለፓምፑ የሚጨምረው ደኅንነት የለም።

ከሙቀቱ ይልቅ እርጥበቱ ሊታሰብበት ይገባል። ኤችሲ-ኤስአር04 ክፍት ዳሳሽ በመሆኑ በተዘጋ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መሸርሸሩ አይቀርም። ውኃ የማያስገባው ዓይነት ዕድሜው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቅርብ ርቀትን መለየት አይችልም። ስለዚህ ከከፍተኛው የውኃ ገጽ በላይ ቢያንስ ይህን ያህል ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። አለበለዚያ ልክ ውኃው ሊሞላ ሲል ዳሳሹ ይታወራል።

የአንድ ስሕተት ሁለት ገጽታ

ዳሳሹ የሐሰት ቁጥር የሚሰጥባቸው ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሽቦው ሲላላ ወይም ሲበጠስ ነው። ያን ጊዜ ምንም ምት አይመጣም፤ በአርዱዊኖ የምትን ርዝመት የሚለካው ትእዛዝም የተሰጠውን ጊዜ ጠብቆ ዜሮ ይመልሳል። ዜሮ ለ58 ሲካፈል ዜሮ ሴንቲ ሜትር ነው። ኮዱ ይህን የሚተረጉመው ውኃው ዳሳሹን ሊነካ እንደ ደረሰ አድርጎ ነው። ሁለተኛው ዳሳሹ እየሠራ ማሚቶው ሳይመለስ ሲቀር ነው፤ ለምሳሌ ክዳኑ ተዛንፎ ድምፁ የማጠራቀሚያውን ግድግዳ መትቶ ሲበተን። በዚህ ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ዳሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ዝም አይልም፤ 38 ሚሊ ሰከንድ የሚጠጋ ረጅም ምት ይሰጣል። ይህ ለ58 ሲካፈል ከ6.5 ሜትር በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥልቀት ያለው ማጠራቀሚያ በግቢው ውስጥ ባይኖርም ኮዱ ውኃው ፈጽሞ እንዳለቀ አድርጎ ይወስደዋል።

አሁን ሁለቱ ብልሽቶች በሁለቱ ማጠራቀሚያዎች ላይ ሲደርሱ የሚሆነውን መከተል ይገባል። የላይኛው ዳሳሽ ሽቦ ቢበጠስ ማጠራቀሚያው የሞላ ይመስላል፤ ፓምፑ አይነሣም፤ ቤቱ ውኃ ያጣል፤ ከዚያ ያለፈ ጉዳት ግን የለም። የታችኛው ሽቦ ቢበጠስ ግን ያው ዜሮ በታችኛው ውኃ የሞላ ያስመስላል። ፓምፑም ባዶ ማጠራቀሚያ ላይ ይነሣል። በፓምፑ ዘንግ ዙሪያ ያለው የውኃ ማገጃ የሚቀዘቅዘውና የሚለሰልሰው በሚያልፈው ውኃ ስለሆነ ያለ ውኃ ሲሽከረከር በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። የማሚቶ መጥፋት ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፦ በታችኛው ላይ ሲደርስ ፓምፑን ያቆማል፤ በላይኛው ላይ ሲደርስ ውኃው ሞልቶ እየፈሰሰ እንኳ ፓምፑ እንዲቀጥል ያደርጋል፤ በፈረቃ የመጣ ውኃም በጣሪያ ላይ ፈስሶ ይቀራል።

ከአራቱ ውጤቶች ሁለቱ ገር ናቸው፤ ሁለቱ ጎጂ ናቸው። ኮዱን የጻፈው ሰው ከአራቱ አንዱንም አስቦ አልመረጠም፤ የመረጠለት የማካፈል ሒሳቡ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን የኮዱን አወቃቀር ይለውጣል። የሚለካው ክፍል ለሚወስነው ክፍል ቁጥር ብቻ ማቀበሉ ይቅርና፣ ቁጥር ወይም «አይታወቅም» የሚል መልስ ይስጥ። ከዳሳሹ የማየት ወሰን በታች ወይም ከማጠራቀሚያው ጥልቀት በላይ የሆነ ማንኛውም ውጤት «አይታወቅም» ተብሎ ይመዘገባል። አምስት ጊዜ ለክቶ በቅደም ተከተል መካከለኛ የሆነውን መውሰድ የውኃውን ሞገድ ያበርዳል፤ ከአምስቱ ሦስቱ «አይታወቅም» ከሆኑ ግን አማካይ መፈለግ ትርጉም የለውም። ያን ጊዜ ውሳኔው በየትኛውም ማጠራቀሚያ አንድ ነው፦ ፓምፑ ይቁም፤ ቀዩ መብራት ይብራ።

የሦስት ደቂቃ ፈተና

«አይታወቅም» የሚለው መልስ ግልጽ የሆነውን ብልሽት ይይዛል። ዳሳሹ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ የሚታመን የሚመስል ቁጥር እየደጋገመ ቢሰጥስ? ለምሳሌ በዳሳሹ ፊት የሸረሪት ድር ወይም የጤዛ ጠብታ ቢጋረጥ ርቀቱ ሁልጊዜ አንድ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ፓምፑ እየሠራ ከሆነ ውኃው ከፍ ማለት አለበት።

ማጠራቀሚያው ሲሊንደር ቢሆንና ሬዲየሱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 11.3 ሊትር ውኃ ይይዛል። ፓምፑ በደቂቃ 20 ሊትር የሚሰጥ ከሆነ የውኃው ገጽ በደቂቃ 1.8፣ በሦስት ደቂቃ 5.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሣል። በዚያው ሰዓት ቤት ውስጥ በደቂቃ 10 ሊትር የሚያፈስ የገላ መታጠቢያ ቢከፈት እንኳ በሦስት ደቂቃ 2.6 ሴንቲ ሜትር ጭማሪ ይቀራል። ስለዚህ ገጹ በሦስት ደቂቃ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ካልጨመረ ፓምፑን አቁሞ መቆለፍ፣ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫን አለመነሣት፣ ተገቢ ሕግ ነው። ይህ አንድ ፈተና የታችኛውን ማጠራቀሚያ መድረቅ፣ የቧንቧ መፈንዳትን፣ የፓምፑን አየር መሳብና የላይኛውን ዳሳሽ መድረቅ ሁሉ ሳይለይ ይይዛል። አየር መሳብ በከፍተኛ ቦታዎች ይበልጥ ሊታሰብ ይገባል። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር የውኃ ዓምድ ሲሸከም በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 7.7 ሜትር ያህል ብቻ ይሸከማል፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚስብ ፓምፕ በተግባር የሚያገኘው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው።

ፈተናው ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ሁለት ቧንቧዎች አብረው ተከፍተው 20 ሊትሩን ሁሉ ቢወስዱ ገጹ አይነሣም፤ ደኅና የነበረው ፓምፕም ይቆለፋል። ጊዜውን ወደ አሥር ደቂቃ ማራዘም ይህን የሐሰት መቆለፍ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ፓምፑ ያለ ውኃ የሚሽከረከርበትን ጊዜ በሦስት እጥፍ ያሳድጋል። የሁለቱ ስሕተቶች ዋጋ እኩል አይደለም። አንደኛው ሰው ወደ ቁልፉ እንዲሄድ ያስገድዳል፤ ሌላኛው ሞተር ያስገዛል። ምርጫው ለአጭሩ ጊዜ ያጋድላል።

መብራት ሲመለስ

መቆለፉ የሚመዘገበው በጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ብቻ ከሆነ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ይረሳል። መሣሪያው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እንደገና ይነሣና ፓምፑን ለሌላ ሦስት ደቂቃ ያደርቃል። ስለዚህ ቁልፉ በኢኢፕሮም ውስጥ ይጻፍ። ነገር ግን ኢኢፕሮም በአንድ ቦታ ላይ 100,000 ጊዜ ለመጻፍ ብቻ ዋስትና ያለው ነው፤ በየሰከንዱ የሚጽፍ ኮድ ይህን ገደብ ከ28 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ሁኔታው ሲለወጥ ብቻ መጻፍ ችግሩን ሙሉ በሙሉ ያስቀረዋል።

ሌላው ጣጣ ከሞተሩ የሚመጣ ነው። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚሆን ኃይል ለአፍታ ይስባል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ማይክሮ ኮንትሮለሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፤ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ማጠራቀሚያው ባዶ መሆኑን አይቶ ሞተሩን ያስነሣል፤ ቮልቴጁም እንደገና ይወርዳል። ሪሌው እንደ ታመመ ልብ እየመታ ይቆያል። መሣሪያው ከተነሣ በኋላ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፓምፑን እንዳያስነሣ ማድረግ ዑደቱን ይሰብራል፤ ለመቆጣጠሪያው የተለየና ጠንካራ የኃይል ምንጭ መስጠት ደግሞ ምክንያቱን ያስወግዳል።

በዚህ ረገድ ብዙ ሠሪዎች ሳይነኩት የሚያልፉት አንድ ቅንብር አለ። ኤቲሜጋ328ፒ ቮልቴጁ ሲያሽቆለቁል ራሱን የሚያቆም ጠቋሚ አለው፤ በኡኖ ላይ እንደ ተለመደው 2.7 ቮልት ላይ ተደርጎ ይመጣል። በአምራቹ ሰነድ መሠረት ግን ቺፑ በ16 ሜጋኸርዝ ሊታመን የሚችለው ከ3.8 ቮልት ገደማ በላይ ብቻ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ማይክሮ ኮንትሮለሩ ይሠራል፤ የሚሠራው ነገር ትክክል ለመሆኑ ግን ዋስትና የለም፤ በኢኢፕሮም ውስጥ ያለውንም ሊያበላሽ ይችላል። ጠቋሚውን ወደ 4.3 ቮልት ማድረስ ይህን ጨለማ ክፍተት ይዘጋል።

የሪሌው ቃልና የሪሌው ሁኔታ

በሪሌ ቦርዶች ላይ የሚታተመው 10 አምፔር የሚለው ጽሑፍ እንደ ምድጃ ላለ ጭነት እንጂ ለሞተር አይደለም። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ሲሠራ 3 ወይም 4 አምፔር ቢስብ፣ ሲነሣ ለአፍታ 20 ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሪሌው ሁለት የብረት ነጥቦች ቀልጠው ሊጣበቁ ይችላሉ። ከተጣበቁ በኋላ ፕሮግራሙ «ቁም» ይላል፤ በመዝገቡም «ቆሟል» ብሎ ይጽፋል፤ ፓምፑ ግን ይሽከረከራል። ትንሹ ሪሌ ሞተሩን በቀጥታ መያዝ የለበትም፤ ለሞተር የተሠራ ኮንታክተርን ጠመዝማዛ ብቻ ይያዝ፤ ሞተሩን ኮንታክተሩ ይያዘው።

ሪሌው ዝቅተኛ ምልክት ሲሰጠው የሚበራ ዓይነት ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኡኖ እግር መጀመሪያ «ውጪ» ተብሎ ሲሰየም ዝቅተኛ ሆኖ ይነሣል፤ ይህም ፓምፑን ለቅጽበት ያበራል። መጀመሪያ ከፍተኛ ምልክት ጽፎ ከዚያ እግሩን «ውጪ» ማለት፣ ማለትም የሁለት መስመሮችን ቅደም ተከተል መቀያየር፣ ይህን ያስቀራል።

ከፍታ ለድምፅ ፍጥነት ግድ ባይኖረውም ለኤሌክትሪክ መከላከያ ግን ግድ አለው። በ220 ቮልቱና ሰው በሚነካው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ክፍል መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት በዓለም አቀፉ ደረጃ አይኢሲ 60664-1 የተሰላው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ በ3000 ሜትር በ1.14 ይባዛል። ለቤት ውስጥ መሣሪያ በተለመደው ሁኔታ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠየቅ ከሆነ በአዲስ አበባ 3.2 ያህል ይሆናል። ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በርካሽ ቦርድ ላይ መጀመሪያውኑ ትርፍ ክፍተት ላይኖር ስለሚችል ከመግጠም በፊት በማስመሪያ መለካት ይገባል። ፓምፑ አካሉ ከመሬት ሽቦ ጋር እንዲያያዝ፣ መስመሩም በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር እንዲኖረው ማድረግ ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም፤ ውኃና 220 ቮልት በአንድ ስፍራ ተገናኝተዋልና።

ከኮድ ውጭ ያለ ጠባቂ

እስከ አሁን የተነሡት መከላከያዎች ሁሉ ማይክሮ ኮንትሮለሩ እየሠራ መሆኑን ይገምታሉ። ፕሮግራሙ አንድ ቦታ ቢቀር በቺፑ ውስጥ ያለው ጠባቂ ሰዓት እስከ 8 ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ያስነሣዋል፤ የተጣበቀ ሪሌን ግን ሊያላቅቅ አይችልም። ስለዚህ በላይኛው ማጠራቀሚያ ጫፍና በታችኛው ወለል አጠገብ ሁለት ተራ ተንሳፋፊ ማብሪያዎች ከኮንታክተሩ ጠመዝማዛ ጋር በተከታታይ ይገጠሙ። አንዳቸው ሲከፈቱ፣ ኮዱ ምንም ይበል ምን፣ ፓምፑ ይቆማል። እነዚህ ካሉ ማይክሮ ኮንትሮለሩ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሱ ተንሳፋፊዎቹ የሦስት ደቂቃውን ፈተና ማድረግ፣ የቧንቧ መፈንዳትን ማወቅና ለቤተሰቡ ሁኔታውን ማሳየት አለመቻላቸው ነው። ከዚህ ያነሰ ፍላጎት ላለው ቤት ግን ሁለቱ ተንሳፋፊዎች ብቻቸውን ይበቁታል።

መሣሪያው ከመገጠሙ በፊት ብልሽቶቹ አንድ በአንድ ሆን ተብለው ይፈጸሙበት። ፓምፑ ባለበት ቦታ አምፖል ተክቶ የእያንዳንዱን ዳሳሽ ሽቦ መንቀል፣ ዳሳሹን ወደ ሰፊ ባዶ ቦታ ማዞር፣ በፊቱ ካርቶን መደቀን፣ በፈተናው መካከል ኃይሉን አሥር ጊዜ አጥፍቶ ማብራት ይቻላል። አንድ ብልሽት ግን በዚህ መንገድ አይገኝም። የአርዱዊኖ የሚሊ ሰከንድ ቆጣሪ ባለ32 ቢት በመሆኑ ከ49 ቀን ከ17 ሰዓት በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ያለፈውን ጊዜ ከአሁኑ ቀንሶ የሚያወዳድር ኮድ በሰላም ያልፈዋል፤ የወደፊቱን የማቆሚያ ሰዓት አስቀድሞ ደምሮ የሚይዝ ኮድ ግን በዚያች ቀን ሊሳሳት ይችላል። ሃምሳ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለሙከራ ቆጣሪው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከቀረው ቁጥር እንዲጀምር ማድረግ ይበቃል።

በሣጥኑ ላይ የሚቀረው ሦስት ቦታ ያለው ማዞሪያ ነው፦ «በራሱ»፣ «ጠፍቷል»፣ «በእጅ»። «በእጅ» የሚለው ማይክሮ ኮንትሮለሩን አልፎ፣ ተንሳፋፊዎቹን ግን ሳያልፍ፣ ኮንታክተሩን በቀጥታ ያገናኛል። ጽሑፉም ሆነ የቀዩ መብራት ትርጉም በአማርኛ፣ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ መሣሪያው በሚቆለፍበት ቀን ሠሪው ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ በግቢው ውስጥ ያሉት ደግሞ ውኃ ይፈልጋሉ።